ባቡሩ የወሰደው ሥራ፣ ባቡሩ ያመጣው ሥራ



ከጥቂት ዓመታት በፊት ወላጆች ወደ ቢሯችን ሲመጡ የሚያቀርቡልን ጥያቄ አጭር ነበር፤ «ልጄ አለፈ ወይስ ወደቀ?» ዘንድሮ ግን ጥያቄው ተለውጧል። «ልጄ ምን ቢማር ነው ሥራ የሚያገኘው? ሁሉን ነገር ኮምፒዩተር ከያዘው ለልጆቻችን ምን ይቀራቸዋል?» የሚሉን እናቶችና አባቶች በዝተዋል። በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት በተደረገው የወላጆች ስብሰባም የተወሰኑ ወላጆች ተነሥተው፣ በሳምንት ከምንሰጣቸው አምስት የአማርኛ ክፍለ ጊዜያት ሁለቱን ቀንሰን ለኮምፒዩተር ትምህርት እንድናውላቸው ጠይቀውናል። ጥያቄው በቅንነት የቀረበ ነው። ልጁን በሰው አገር የሚያሳድግ ወላጅ ስለ ልጁ እንጀራ ቢጨነቅ አይፈረድበትም። ስለዚህ በዚህ ዓመት መጽሔት እንደ ወትሮው የዓመቱን ክንውን ከመዘርዘር ይልቅ ይህንኑ ጥያቄ ሰፋ አድርገን ለመመለስ መርጠናል።

መልሱን ከሩቅ መፈለግ አያስፈልገንም። የምንኖርባት ጅቡቲ ራሷ የሥራ መለወጥ ያሳደጋት ከተማ ናት። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጥቀስና፣ የባቡር ሐዲዱ ሥራ ከዚህ በ1897 ተጀምሮ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ከዚያ በፊት ቡናውና ቆዳው ከደጋ ወደ ባሕር የሚወርደው፣ ጨርቁና መሣሪያው ከባሕር ወደ ደጋ የሚወጣው በግመልና በበቅሎ ሲራራ ነበር። ግመል ነጂው፣ ጭነት አሳሪው፣ መንገድ መሪው፣ በየማረፊያው ውኃና መኖ የሚያቀርበው ሁሉ በዚያ መንገድ ላይ ይተዳደር ነበር። ባቡሩ ሲመጣ የእነዚህ ሰዎች ሥራ ሳሳ። የሐረር ንግድ እንኳ ቁልቁል ወደ ድሬዳዋ ወረደ።

በሌላ በኩል፣ ቀድሞ ሰው የማያውቃቸው ሥራዎች መጡ። ድሬዳዋ ራሷ ከባቡሩ ጋር የተቆረቆረች ከተማ ናት። በዚያ ባለው የባቡር ወርክሾፕ ብረት መቅረጽ፣ መበየድ፣ ሞተር ፈትቶ መግጠም የተማሩ ሰዎች ሙያቸውን ለልጆቻቸው አወረሱ። ባቡር ነጂ፣ ትኬት ቆራጭ፣ ሐዲድ ጠጋኝ፣ ጣቢያ ኃላፊ የሚባሉ የሥራ መደቦች ተፈጠሩ። ለገሃርና ፉርጎ የሚሉት ቃላትም ከዚያ ዘመን ወደ አማርኛችን ገብተው እስከ ዛሬ አሉ።

ታዲያ ታሪኩን የምናነሣው «አንድ በር ሲዘጋ ሌላ ይከፈታል» ብለን ለማጽናናት አይደለም። የተዘጋበት ሰውና የተከፈተለት ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው አይደሉም። ግመል ነጂው በማግሥቱ ባቡር ነጂ አልሆነም። አዲሱን ሥራ ያገኘው ለመማር ዕድሉና ዕድሜው የነበረው ነው። እኛ መምህራን ስለ መጪው ዘመን ስናስብ ዐይናችን የሚያርፈው እዚህች ነጥብ ላይ ነው። ሥራ ሲለወጥ ማን ተዘጋጅቶ ይገኛል? ማንስ መንገድ ላይ ይቀራል?

አሮጌው ባቡር በበኩሉ ተራው ደርሶ ደከመ። አስፋልቱና የጭነት መኪናው ሥራውን ተሻሙት፤ ሐዲዱም አረጀ። ከዚያ በ2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መጣ። ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለውን መንገድ በግማሽ ቀን አካባቢ ያደርሳል። መጀመሪያ ያስተዳደሩት የቻይና ኩባንያዎች ነበሩ፤ ለስድስት ዓመት ያህል ከሠሩ በኋላ በ2024 ሥራው የሁለቱ አገሮች የጋራ ንብረት ለሆነው ኩባንያ ተላልፏል። ዛሬ ያንን ባቡር የሚነዱት፣ የሚጠግኑትና ጉዞውን ከመቆጣጠሪያ ክፍል የሚመሩት የኢትዮጵያና የጅቡቲ ልጆች ናቸው። ይህ የሚያኮራ ነው።

ነገር ግን በአሮጌው ባቡር ዘመን ባቡሩ በየከተማው መካከል ይቆም ስለነበር፣ በየጣቢያው ብርቱካን፣ ሻይና እንጀራ የሚሸጡ ሴቶች ነበሩ። አዲሶቹ ጣቢያዎች ደግሞ ከከተማ ራቅ ብለው የተሠሩ ናቸው። የእኛዋም የነጋድ ጣቢያ እንዲሁ ከከተማው ወጣ ያለች ናት። ስለ ባቡሩ በተነገረው ሁሉ ውስጥ የነጂዎቹና የቴክኒሺያኖቹ ነገር ሲነሣ፣ የብርቱካን ሻጭዋ ነገር እምብዛም አልተነሣም። ሥራዋ በየትኛውም ደመወዝ መክፈያ ላይ ስላልተጻፈ ሲጠፋም የቆጠረው የለም። ከእናንተ ከወላጆች መካከል ብዙዎቻችሁ እንደዚህች ሴት ደመወዝ መክፈያ ላይ ያልተጻፈ ሥራ እንደምትሠሩ እናውቃለን። ስለ ወደፊቱ ሥራ ስንነጋገር እናንተን ሳንቆጥር ልናልፍ አንችልም።

ወደ ወደባችን እንምጣ። ቀደም ባለው ጊዜ ስንዴና ስኳር ከመርከብ የሚራገፈው በኩሊ ጀርባ ነበር። አንድ መርከብ ለማራገፍ ብዙ ሰው ለብዙ ቀናት ይደክም ነበር። በ1956 አንድ አሜሪካዊ የጭነት መኪና ነጋዴ ማልኮም ማክሊን 58 የብረት ሣጥኖችን በመርከብ ጭኖ ከኒው ጀርሲ ወደ ቴክሳስ ላከ። ነገሩ ቀላል ይመስል ነበር፤ ዕቃውን አንድ በአንድ ከማንሣት ሣጥኑን በሙሉ ማንሣት። ያ ቀላል ሐሳብ ግን የዓለምን ወደቦች ለወጠ። እኛም ዘንድ በ2009 የዶራሌ የኮንቴይነር ወደብ ሥራ ጀመረ። ዛሬ አንድ የክሬን ኦፕሬተር ከላይ ጓዳው ውስጥ ተቀምጦ፣ ድሮ በርካታ ሰዎች ወገባቸው እስኪጎብጥ የሚሸከሙትን በደቂቃዎች ያነሣል። ወገብ የሚሰብረው ሥራ መቅረቱ ጥሩ ነው። ቢሆንም በዚያ ሥራ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሰዎች በዚህ ከተማ ውስጥ ዛሬም አሉ፤ ከልጆቻቸው ውስጥ አንዳንዶቹ ደግሞ በእኛው ትምህርት ቤት የተማሩ ናቸው።

ከወላጆቻችን መካከል የትራንዚት ሥራ የሚሠሩ ጥቂት አይደሉም። አንድ ልምድ ያላቸው ትራንዚተር አባት በዚህ ዓመት ቢሯችን መጥተው ሲያጫውቱን፣ «ድሮ ሥራዬ ግማሹ ሩጫ ነበር» አሉን። ወረቀቱን ከመርከብ ወኪል ወደ ጉምሩክ፣ ከጉምሩክ ወደ ወደብ፣ ከወደብ ወደ ባንክ ይዞ መሮጥ፤ ማኅተም ማስመታት፤ አንድ ፊደል ከተሳተ መመለስ። በጉልበታቸው የሚያገለግሏቸው ሁለት ወጣቶችም ነበሯቸው። አሁን ዲክላራሲዮኑ በኮምፒዩተር ይሞላል። በኢትዮጵያ በኩልም ከ2020 ጀምሮ ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤቶችን በአንድ መስኮት የሚያገናኝ የኤሌክትሮኒክ አሠራር ሥራ ላይ ውሏል። ሁለቱ ወጣቶች አሁን የሉም። እኒህ አባት ግን አሉ፤ እንዲያውም ሥራቸው ጨምሯል።

ለምን እንደሆነ ጠየቅናቸው። መልሳቸውን በራሳችን አባባል እናቅርበው። በዓለም ላይ የሚነግደው ዕቃ ሁሉ ቁጥር አለው። ከ1988 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የጉምሩክ መለያ ዕቃዎችን ከ5,000 በሚበልጡ ምድቦች ከፍሎ ለእያንዳንዱ ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር ሰጥቶታል። አንድ ማሽን የትኛው ምድብ ውስጥ እንደሚገባ በመወሰን ብቻ የሚከፈለው ቀረጥ በእጅጉ ሊለያይ ይችላል። ኮምፒዩተሩ ቁጥሩን ይቀበላል፤ ቁጥሩ ትክክል ስለመሆኑ ግን የሚከራከረው፣ ደንቡን አንብቦ የሚያስረዳው፣ ሲሳሳት የሚጠየቀው ሰው ነው። ሁለቱ ወጣቶች የሥራውን እግር ያውቁ ነበር፤ እኒህ አባት የሥራውን ልብ ያውቃሉ። ማሽን ቀድሞ የወሰደው እግሩን ነው።

ተማሪዎቻችን ሆይ፣ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። «የትኛው ሥራ ይጠፋል?» ብላችሁ ከመጨነቅ ይልቅ «በዚህ ሥራ ውስጥ ማሰብ የሚጠይቀው የቱ ነው? እርሱንስ እስከምን ድረስ አውቄዋለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሐኪምም ሁኑ መካኒክ፣ ሒሳብ ሠራተኛም ሁኑ ነጋዴ፣ ጥያቄው አይለወጥም።

አሁን ወደ ወላጆች ጥያቄ እንመለስ። ኮምፒዩተር ማስተማራችንን ማጠናከር አለብን የሚለውን ያለ ክርክር እንቀበላለን። በመላው አካባቢያችን ነገሩ ተለውጧል። በኬንያ በ2007 ኤምፔሳ ሲጀመር ብዙ ሰው በስልክ ገንዘብ ይላካል ሲባል ይስቅ ነበር፤ በኢትዮጵያም በ2021 ቴሌብር ሥራ ጀምሮ ዛሬ የጉሊት ነጋዴ ሳይቀር ይገበያይበታል። እንጀራ ጋግረው ለሬስቶራንቶች የሚያቀርቡ አንዲት እናታችን ሒሳባቸውን በስልክ ይቀበላሉ። መልእክቱን የምታነብላቸው ግን የ6ኛ ክፍል ልጃቸው ናት። ባለፈው «ሽልማት ደርሶዎታል፣ የምስጢር ቁጥርዎን ይላኩ» የሚል መልእክት መጥቶላቸው ሊልኩ ሲሉ ያስቆመቻቸው እርሷ ናት። ያቺ ልጅ የቤቱ ገንዘብ ያዥ፣ ጸሐፊና ጠባቂ ሆናለች ማለት ነው። በየቤታችሁ እንዲህ ዓይነት ልጆች አሉ። ማንበብ፣ ከመቶ ስንት የሚለውን ማስላት፣ ማንን ማመን እንደሚገባ መለየት ለእነርሱ ከፈተና አልፎ የዕለት ኑሮ ሆኗል።

የማንስማማው በአንድ ነገር ነው፤ ኮምፒዩተሩ በአማርኛው ቦታ ይግባ በሚለው። ምክንያታችንን በአንድ ምሳሌ እናስረዳ።

በዚህ ዓመት የ7ኛ ክፍል የአማርኛ መምህርታችን «ሰፈሬ» በሚል ርዕስ ድርሰት አዘዙ። አንድ ጎበዝ ተማሪያችን በስልክ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን አጽፎ አመጣ። ድርሰቱ ሥርዓተ ነጥቡ የተስተካከለ ነበር። «በሰፈሬ መካከል ጥርት ያለ ወንዝ ይፈሳል፤ ዙሪያውም በለምለም ሣር የተሸፈነ ነው» ይላል። ልጁ የሚኖረው ካርቲዬ 6 ነው! የጅቡቲ ወንዝ አምቡሊም ቢሆን ውኃ የሚያልፍበት ዝናብ ሲጥል ብቻ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። መምህርቷ አልተቆጡም። ድርሰቱን ለክፍሉ አነበቡት፤ ክፍሉም በሳቅ ፈነዳ፤ ባለቤቱም አብሮ ሳቀ። ከዚያ «አሁን አንተ ጻፈው» አሉት። በማግሥቱ ይዞት የመጣው ድርሰት ውስጥ ካርቶን የሚበሉ ፍየሎች አሉ፤ በሐምሌ ሙቀት ጣሪያ ላይ ወጥቶ የሚተኛ ቤተሰብ አለ፤ በአንድ ግቢ ውስጥ በሶማሊኛ፣ በዓፋርኛ፣ በዓረብኛና በአማርኛ የሚጣሩ ጎረቤታሞች አሉ። ፊደል ግድፈት ነበረበት። ነገር ግን ሰፈሩ ነበር። ድርሰቱን በዚህ መጽሔት በተማሪዎች ገጽ ላይ ታገኙታላችሁ።

ማሽኑ ለምን ወንዝ ጻፈ? የሚያውቀው ሰው የጻፈውን ብቻ ስለሆነ ነው። እነዚህ መሣሪያዎች እጅግ ብዙ ጽሑፍ አንብበው፣ ከዚህ ቃል ቀጥሎ የትኛው ቃል ይመጣል የሚለውን እየገመቱ ይጽፋሉ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ብዙ ነው፤ በአማርኛ ግን ጥቂት ነው፤ ስለ ጅቡቲ ኢትዮጵያውያን ኑሮ በአማርኛ የተጻፈ ደግሞ እጅግ ጥቂት ነው። እኛ ስለ ራሳችን ካልጻፍን ማሽኑ በእኛ ስም የሌላ ሰው ወንዝ ይጽፍልናል።

ከዚህ ሌላ፣ አማርኛና ኮምፒዩተር ተፎካካሪ መስለው መታየታቸውም ልክ አይደለም። ዛሬ በስልካችን ላይ በግዕዝ ፊደል መጻፋችንን እንደ ቀላል ነገር እናየዋለን። ፊደላችን ዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደላት መለያ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት አንዱ ኮምፒዩተር ላይ የተጻፈ አማርኛ ሌላው ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ይገኝ ነበር፤ እኛ በዚያ ዘመን ፈተና ያዘጋጀን መምህራን በሚገባ እናስታውሰዋለን። ያንን ችግር የፈቱት ኮምፒዩተር ብቻ የሚያውቁ ወይም አማርኛ ብቻ የሚያውቁ ሰዎች አይደሉም፤ ሁለቱንም የሚያውቁ ናቸው። የጉግል ትርጉም አገልግሎት አማርኛን የጨመረው በ2016 ነው፤ ዛሬም ጉዳይ ያለበትን ደብዳቤ በእርሱ ተርጉሞ ሳያርም የሚልክ ሰው ራሱን ያዋርዳል። የሚያርመው ማን ነው? ቋንቋውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው። በፍርድ ቤት፣ በሆስፒታል፣ በስደተኞች መመዝገቢያ፣ በንግድ ውል ላይ ከአማርኛ ወደ ፈረንሳይኛና ዓረብኛ በትክክል የሚያሻግር ሰው በዚህች ከተማ ዛሬም አይጠገብም። ልጆቻችሁ ከአራት ቋንቋ መካከል ማደጋቸው ሀብት ነው፤ ግማሹን ሀብት በእጃችን ባንጥለው ይሻላል።

ስለዚህ ከመምህራን ጉባኤ ጋር ተመካክረን የደረስንበት ውሳኔ ይህ ነው። የአማርኛው አምስት ክፍለ ጊዜ ይቀጥላል። ከአምስቱ ሁለቱ ግን በኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ ይሰጣሉ። ተማሪዎች በግዕዝ ፊደል መጻፍን ይለማመዳሉ፤ ማሽን የተረጎመውን ያርማሉ፤ የአያቶቻቸውንና የወላጆቻቸውን የሥራ ታሪክ ጠይቀው ይጽፋሉ። የሚሠሩ ኮምፒዩተሮች ያሉን 14 ሲሆኑ በአንድ ክፍል እስከ 38 ተማሪ አለን። ስለዚህ ክፍሉን በሁለትና በሦስት ምድብ ከፍለን እናስተምራለን። ከሰዓት በኋላም ከ10 እስከ 12 ሰዓት የኮምፒዩተር ክፍሉ ክፍት ይሆናል፤ ሁለት መምህራን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ተራ ለመግባት ፈቅደዋል፤ ከልብ እናመሰግናቸዋለን። በኢትዮጵያ በ2024 የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በኢንተርኔት በነፃ የሚሰጥ ስለሆነ፣ ከፍ ያሉ ክፍሎች ተማሪዎች በዚያ ሰዓት እንዲከታተሉት እናግዛለን።

በዚህ ሰዓት ላይ ለወላጆች አንድ ልመና አለን። ከሰዓት በኋላ ወንዱን ልጅ «ሂድና ተማር»፣ ሴቷን ልጅ «ነይ ዕቃ እጠቢ» እንዳትሉብን። ባለፈው ዓመት በማጠናከሪያ ትምህርት ላይ ከተገኙት መካከል ሴቶቹ ከሲሶ አይበልጡም ነበር፤ በክፍል ውጤት ግን ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ከወጡት አብዛኞቹ እነርሱ ናቸው። ስልክም ቢሆን በብዙ ቤት የወንድም ነው። አዲሱ ሥራ ሲመጣ ተዘጋጅቶ የሚገኘው ጊዜና መሣሪያ ያገኘ ነው ብለናል፤ ያንን ጊዜ ለሴት ልጆቻችን መስጠት የሚችሉት ከሁሉ በፊት እናትና አባት ናቸው።

ሌላው ልብ የሚያሳርፍ ያልሆነ ጉዳይ ትምህርት አቋርጠው የሚሄዱ ልጆቻችን ነገር ነው። ዘንድሮ ከ9ኛና ከ10ኛ ክፍል ሰባት ወንዶች ልጆች ቀርተውብናል። አንዳንዶቹ ከጭነት መኪና ጋር ረዳት ሆነው ወደ ጋላፊ መንገድ ወጥተዋል፤ አንዳንዶቹ ወደብ አካባቢ የቀን ሥራ ይዘዋል። የሚያገኙት ፍራንክ ለቤታቸው እንደሚያስፈልግ እናውቃለን። ስለዚህ በእነርሱም ሆነ በወላጆቻቸው ላይ ጣት አንቀስርም። ግን ዛሬ የያዙት ሥራ የሥራው እግር እንደሆነ፣ ማሽንም ቀድሞ የሚመጣው ለእርሱ እንደሆነ ሊያውቁት ይገባል። ለእነዚህ ልጆች የማታ ክፍል ለመክፈት ከኮሚቴው ጋር እየተነጋገርን ነው። መመለስ የሚፈልግ ልጅ በራችን ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ ማንም «የት ነበርክ?» ብሎ አያሳፍረውም።

ከዚህም የከፋ መንገድ አለ፤ ዐይናችን እያየ በዚህች አገር ውስጥ የሚያልፍ መንገድ። ከአገር ቤት ተነሥተው በበረሃ በእግራቸው ወደ ኦቦክ የሚሄዱ፣ ከዚያም በጀልባ ወደ የመን የሚሻገሩ ወጣቶችን ያላየ ከመካከላችን የለም። ብዙዎቹ የተማሪዎቻችን እኩዮች ናቸው። በ2024 ብቻ በዚህ ጠረፍ አጠገብ በተገለበጡ ጀልባዎች ብዙ ወገኖቻችን ሞተዋል። ስለ መጪው ዘመን ሥራ የሚደረግ ንግግር ለእኛ የስብሰባ አዳራሽ ወሬ ያልሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ወጣት ባለበት ቦታ ነገን ማየት ሲያቅተው ወደ ባሕሩ ያያል።

ስለዚህም «ዩኒቨርሲቲ ካልገባ ልጄ ጠፋ» የሚለውን አስተሳሰብ አብረን እናርም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2014 የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 ከመቶና በላይ ያመጡት ከመቶ 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። የቀሩት የአገር ልጆች ሁሉ የማይረቡ ናቸው ልንል ነው? በፍጹም። በ2024 ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክላለች፤ የኤሌክትሪክ መኪና የሚጠግን ባለሙያ በየከተማው ይፈለጋል። እዚህም በጉቤት 60 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የነፋስ ኃይል ማመንጫ በ2023 ተመርቋል። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር ማቀዝቀዣ የሚጠግን ሰው ሥራ ፈትቶ ውሎ ያውቃል? ኤሌክትሪሺያን፣ የማቀዝቀዣ ባለሙያ፣ የባቡር ቴክኒሺያን፣ ነርስ፣ የክሬን ኦፕሬተር፤ እነዚህ ሁሉ ሒሳብና ሳይንስን ከእጅ ሥራ ጋር የሚጠይቁ የተከበሩ ሙያዎች ናቸው። በድሬዳዋ ወርክሾፕ ብረት መቅረጽ የተማሩት ሰዎች በዘመናቸው የከተማው ኩራት እንደነበሩ አንርሳ።

የሰውን ልጅ የመንከባከብ ሥራም አለ። ከእናቶቻችሁ ብዙዎቹ በሰው ቤት ልጅ ያሳድጋሉ፣ አረጋዊ ይጦራሉ፣ ሕመምተኛ ያስታምማሉ። ይህን ሥራ ክሬን አያነሣውም። ዓለም ሁሉ የሚፈልገው ሆኖ ሳለ ክፍያውና ክብሩ ዝቅ ያለ መሆኑ የዘመናችን ነውር ነው። ልጆቻችን ይህን ሥራ ሲመርጡ በሠለጠነ ሙያ፣ በተጻፈ ውል፣ መብታቸውን አውቀው እንዲሆን እንፈልጋለን። ውል አንብቦ መረዳትን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በሥነ ዜጋ ትምህርት ውስጥ የምናስገባው ለዚሁ ነው።

ውድ የዘንድሮ ተመራቂዎቻችን፤ እኛ በሃምሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለን መምህራን ሥራ ስንጀምር መሣሪያችን ጠመኔና ጥቁር ሰሌዳ ነበር። ሥራችን ስንት ጊዜ እንደተለወጠ አይታችኋል፤ ወደፊትም ይለወጣል። የእናንተ ደግሞ ከእኛ በበለጠ ፍጥነት ይለወጣል። አንዴ ተምሮ ጨርሶ፣ በዚያው ዕድሜ ልክ መብላት የሚባለው ነገር አብቅቷል። ከእኛ ዘንድ ይዛችሁ እንድትወጡ የምንፈልገው የወረቀቱን ምስክርነት ብቻ አይደለም። ያልገባችሁን ያለ ኀፍረት መጠየቅ፣ የተጻፈን ነገር መርምሮ ማንበብ፣ የራሳችሁን ሐሳብ በራሳችሁ ቋንቋ መጻፍ፣ ለገባችሁበት ቃል መቆም፤ እነዚህ ካሏችሁ ሥራው ሲለወጥ አብራችሁ ትለወጣላችሁ። ደግሞም ከፊታችሁ የተገኘው አዲስ ሥራ የማንን ሥራ እንደወሰደ ጠይቁ፤ ያ ሰው አጠገባችሁ ካለ እጁን ያዙት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል፤ በሰው አገር ለምንኖር ለእኛ ይህ ተረት ከተረትም በላይ ነው።

የተከበራችሁ ወላጆች፤ የማታ ክፍሉንና የኮምፒዩተር ክፍሉን ጉዳይ የምንጨርሰው በመስከረም የመጀመሪያው ስብሰባ ነው። ጥያቄያችሁን፣ ትችታችሁንና ቤት ውስጥ ተቀምጦ የማይሠራ ኮምፒዩተር ካለም እርሱን ይዛችሁ ኑ፤ የሚጠግኑ ተማሪዎች አሉን።

መልካም የዕረፍት ጊዜ ይሁንላችሁ። ሙቀቱን ያብርድልን፤ በመስከረም በሰላም ያገናኘን።

ርዕሰ መምህር